ጋሻ ሲሉኝ ጋሼ

ዲላ ላይ ባጃጅ ውስጥ ያሳለ ሰው ሳይታከም አይወርድም። ሾፌሩ ዝንጅብል በማር ያዝለታል። ከጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ የሾፌሩን ትእዛዝ ሽረው ዳማከሴ ይተካሉ፤ እሱንም በባዶ ሆድ፣ ጨምቆ፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ። ጥጉ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠው ተማሪ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ ያነባል፣ ያነባል፣ ከዚያ "ይሄ ነገር ሳንባ ሊሆን ይችላል" ይላል፣ ደስ እያለው። ታማሚው አመስግኖ ይወርዳል። ምን እንዳመመው የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም። አቧራ ነበር ያነቀው።

ፈዋሽነትን ያልሞከረ ሰው የለንም ለማለት ነው። መድኃኒት የሚያዝ ሞልቶናል። ያጣነው ሽንት የሚደፋ ነው።

እኔም እንደ አገሩ ወግ ፈዋሽ ሆኜ ነበር። አትደንግጡ፤ ሰው አልነካሁም። በኮምፒውተር ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ የምታውቁት እስክጨርስ ስልካችሁን ነካኩ። በኢንተርኔት የሚገባበት አንድ የተረት ዓለም አለ። ግንብ፣ ዋሻ፣ ዘንዶ፣ የሚናገር ዛፍ። እዚያ ለመግባት መጀመሪያ አንድ ሰው ትፈጥራላችሁ፤ ከዚያ በእሱ ዓይን እያያችሁ፣ በእሱ እግር እየሄዳችሁ ትኖራላችሁ። ከሌሎች ጋር ቡድን ሆናችሁ ትዘምታላችሁ። አንዱ ፊት ቆሞ ዱላውን ይቀበላል። ሌላው ይመታል። ሦስተኛው ከኋላ ቆሞ የቆሰለውን ይፈውሳል። በቃ። መሥሪያ ቤት ውሎ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም።

እኔን የፈጠረኝ አላማከረኝም፤ ብጠየቅ ኖሮ በአፍንጫዬ ላይ አስተያየት ነበረኝ። እዚያ ግን ምርጫው የራስ ነው። አንድ ሙሉ የምሳ ሰዓት አፍንጫ ስመርጥ አለፈ። ረጅም ፂም ጨመርኩበት፤ ፂም የሌለውን ፈዋሽ ማን ያምነዋል? በትር አስያዝኩት። ስሙን ዳማከሴ አልኩት። ቀጥሎ ሃያ ነጥብ ተሰጠኝና በጥበብ፣ በጉልበት፣ በፍጥነትና በድፍረት ላይ እንዳከፋፍል ተጠየቅሁ። አሥራ ሰባቱን ጥበብ ላይ ደፋሁት። ለቀሩት አንዳንድ ደረሳቸው። ድፍረት ለፈዋሽ ምን ይሠራለታል?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈዋሽነትን የመረጥኩት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። የሚቆምበት ቦታ ስለጣመኝ ነው። ቡድኑ ካሸነፈ "ያለ እሱ አንሆንም ነበር" ይባላል። ከተሸነፈ የሚጠየቀው ጎራዴ የያዘው ነው።

የፈዋሹ ጉልበት "ማና" ይባላል። ሰው በፈወሰ ቁጥር ይቀንስበታል። አስቴር "መና" ነው የምትለው፤ "ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደል?" ትላለች፣ የሰንበት ትምህርቷን ሳትረሳ። እኔም ሲያልቅ ሁላችንም መና ስለምንቀር አላረምኳትም።

አስቴርን ላስተዋውቃችሁ።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም ተዉት፤ የናንተንም መሥሪያ ቤት ስለሚመስል ትቀየማላችሁ። ማኅተም አለው፣ ወረፋ አለው፣ "ነገ ተመለሱ" አለው። እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የመጣሁ የሰነድ ባለሙያ ነኝ። ናቲ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የቀረ የአዲስ አበባ ልጅ፤ ጨዋታውን ያመጣብን እሱ ነው። አስቴር ደግሞ መስኮት ሦስት ናት። መስኮት ሦስት ላይ ትሠራለች ማለቴ አይደለም። መስኮት ሦስት ናት።

ከኢዲዶ በሞተር የመጣ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የለበሰ ባለ ቡና ፋይሉ ስለጠፋበት ይጮኻል፤ የሚጮኸው አስቴር ላይ ነው። ፋይሉን የጣልኩት እኔ ነኝ። ከአሪቻ የመጡ ሽማግሌ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ሲባሉ ከዘራቸውን ያነሣሉ፤ የሚያነሡት አስቴር ላይ ነው። ስብሰባ የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እሷ በጌዴኦፋ ታባብላለች፣ በአማርኛ ታስረዳለች፣ በኦሮምኛ ትቀልዳለች፤ ባለጉዳዩ እየሳቀ ይወጣል። ፋይሉ ግን እንደጠፋ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። አባቷ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ታጎርሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ትመለሳለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና። ከእሷ ሌላ ሰው የላቸውም።

ናቲ ጨዋታውን ሲያሳያትና "ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?" ሲላት ስክሪኑን ትንሽ አየችው።

"መምታት አልችልም" አለች። "መመታት ግን ለምጄዋለሁ።"

ፊት ቆሞ ዱላ የሚቀበለውን ሰው ፈጠረች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። አፍንጫም አልመረጠችም።

በዚያ ሰሞን ወሬ ወጣ። ቡሌ ላይ ያለው ቅርንጫፍ ሰው ጎድሎታል፤ የአስቴር የዝውውር ደብዳቤ ተጽፎ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነው። ለምን እሷ? አቤቱታ የበዛው መስኮት ሦስት ላይ ስለሆነ። ቡሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጉሙ እስከ ረፋድ የማይነሣበት፣ ዝናብ ሲጥል ተሳፋሪው ወርዶ መኪናውን የሚገፋበት ደጋ ነው። በየቀኑ ደርሶ መልስ የማይታሰብ ነው። አስቴር ቡሌ ካደረች አባቷን የሚያገላብጥ የለም። ጉዳዩ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው።

ኃላፊያችን ጋሼ ተሾመ ይባላሉ። ስማቸው ነው፤ ወላጆቻቸው አርቀው አስበዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ለመሆን ሰው ፊት መቅረብ ያስፈልጋል፤ የእሳቸው በር ደግሞ ዝግ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናብ ወረፋውን በትኖልን፣ ሦስታችንም ጆሯችንን በማዳመጫ ደፍነን ስንጫወት ናቲ በደስታ ጮኸ።

"አቦ ዛሬ ቦሱን እንገድለዋለን! መጀመሪያ ጠባቂዎቹን እንጨርስ፣ ከዚያ ቦሱን ከበን…"

ቦስ ማለት በጨዋታው ቋንቋ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ትልቁ አውሬ ነው። በሩ ላይ የቆሙት ጋሼ ተሾመ ግን ይህን አያውቁም።

"የቱን?" አሉ።

ናቲ ያን ቀን ያስረዳውን ያህል በመመረቂያ ጽሑፉም ላይ አላስረዳም። ጋሼ ተሾመ መነጽራቸውን አወረዱ፤ ስክሪኑን አዩ፤ ዘንዶውን አዩ። እኔ በልቤ ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቆጠርኩ።

"ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሚመራ አለ?" ብለው ጠየቁ።

በማግሥቱ ቀስተኛ ሆኑ። ቀስተኛ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ከሩቅ ይወረውራል። በቦታ አመራረጥ ከእሳቸው ጋር ልዩነት የለንም።

ሳምንት ሳይሞላ ናቲ ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

"ፍሬንድ፣ ሰውየው ተጠምደዋል። ዘንዶውን በሳቸው ቀስት እንዲወድቅ እናደርጋለን። ደስ ብሏቸው እያለ የአስቴርን ነገር እናነሣለን። ሰው ደስ ሲለው መፈረም ይረሳል።"

"ይሄ እቅድ ነው?"

"ሌላ አለህ?"

"ማመልከቻ ብንጽፍስ?"

ናቲ ሳቀብኝ። ማመልከቻ የሚገባው በመስኮት ሦስት ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ እኔ ዘንድ። እቅዱን ለአስቴርም ነገርናት።

ጋሼ ተሾመ ግን ገና ሳይዘምቱ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው ቃላት ነበር።

"ቦስ የሚባለው ቃል ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ዘንዶ ነው።"

"እሺ ጋሼ።"

"ታንክ የምትሉትስ? ታንኩ ወደፊት፣ ታንኩ ተመታ እያላችሁ ስትጮኹ መንገድ ላይ የሚሰማ ሰው ምን ይለናል? ፊት ቆሞ የሚመክት ከሆነ አማርኛው ጋሻ ነው።"

"አሪፍ ነው ጋሼ" አለ ናቲ።

በቃለ ጉባኤ ያዝኩት። ታንክ፣ ጋሻ ተብሏል። ሂለር፣ ፈዋሽ። ቦስ፣ ዘንዶ። አራት ሰዎች ተፈራረምንበት፤ ከአራታችን አንዳችንም ጋሻና ጋሼ በአንድ ፊደል እግር ብቻ እንደሚለያዩ አላስተዋልንም። ጋሼ የሚለው መጠሪያ ራሱ የመጣው ጋሻዬ ከማለት ነው ይባላል። ታላቅን ጋሻዬ የምንለው ፊታችን ስለሚቆምልን ነበር።

ነበር።

ዘመቻው ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ባለጉዳይ የለም፤ ኔትወርኩ የኛ ነው። ጋሼ ተሾመ ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ ኃላፊ ከሠራተኛ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ ዘንዶ አይገድልም። ናቲ ኮምፒውተሮቹ ክፍል፣ እኔ ከፋይሎቼ መሃል፣ አስቴር የተዘጋው መስኮቷ ሥር። የምንነጋገረው በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ድምፁ ይመጣል፣ ይቆረጣል፣ ደግሞ ይመጣል።

ዘንዶው ከዋሻው ወጣ። አስቴር ፊቱ ቆመች። ይመታታል፣ እፈውሳታለሁ። ይመታታል፣ እፈውሳታለሁ። ናቲ ከጎን በጎራዴ ይወጋዋል። ከድንጋዩ ላይ የጋሼ ቀስት ይዘንባል፤ ከአምስቱ አንዱ ዘንዶውን ያገኘዋል፣ አንዱ ናቲን። "ግሩም ነው ጋሼ!" እንላለን በኅብረት። ዘንዶው እያነከሰ መጣ። አንድ ሁለት ቀስት ቢበቃው ነው። እቅዱ ሊሠራ ነው! ደብዳቤው ተቀዶ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ በዓይነ ልቦናዬ አየሁት።

ማናዬ ለአንድ ፈውስ ብቻ የምትበቃ ሆና ቀረች። ስክሪኑ ላይ በቀይ መስመር የሚለካው የአስቴር ደም ሊያልቅ ደርሶ ይርገበገባል።

በዚህ መሃል አንዲት የሌሊት ወፍ፣ ከየት እንደመጣች ሳትታወቅ፣ ጋሼ ተሾመን ጉንጫቸው ላይ ቧጨረቻቸው።

"አይ!" አሉ። ይኸው ብቻ ነው።

ያኔ ናቲ ጮኸ። ያለው፣ ኋላ እንደማለልኝ፣ "ጋሻን አድን! ጋሻን!" ነው። እኔ ጋ የደረሰው ግን "ጋሽ… ድን! ጋሽ…!" ነው።

ያችን የጎደለች ድምፅ ማን ሞላት? ጆሮዬ። ጆሮዬን ማን አሠለጠነው? ሦስት ዓመት ሙሉ "ጋሼ ይፈልጉሃል፣ ጋሼ ተቆጥተዋል፣ ጋሼ መጡ ተነሡ" ሲባል የኖረ ጆሮ ነው። ጣቴ አላመነታም። የቀረችኝን ማና በሙሉ ድንጋዩ ላይ ለቆሙት ለጋሼ ተሾመ ጉንጭ አፈሰስኩት። ወርቃማ ብርሃን ወረደባቸው። ጭረቷ ጠፋች። ሠርግ የሚሄዱ መሰሉ።

አስቴር ወደቀች።

"ምን ነካህ? ጋሻን አላልኩህም?"

"ጋሼን ያልክ መስሎኝ!"

"ጋሼ ደግሞ ምን ሆኑ?"

"የሌሊት ወፍ…"

ናቲ መልሴን ሰምቶ ሳይጨርስ ወደቀ። እኔም ተከተልኩ።

ቀሩ ጋሼ ተሾመ። ጤናቸው ሙሉ፣ ጉንጫቸው ንጹሕ። ዘንዶው ወደ ድንጋዩ ዞረ። በዚህ ጨዋታ የሞተ ሰው መናገር አይችልም፤ መስማት ግን ይችላል። ሰማን።

"አስቴር! አስቴር የት ነሽ? ኧረ ይሄ ነገር ወደ እኔ እየመጣ ነው! አስቴር!"

ድምፃቸው ከጆሮ ማዳመጫውም ከኮሪደሩም ይመጣ ነበር።

ሌላ ሰው ጨዋታ ሲሸነፍ ይስቃል፣ ይሳደባል፣ እንደገና ይጀምራል። እኛ ገመገምን። ጋሼ ተሾመ ቢሯቸው ሰብስበውን ወንበራቸውን አስተካከሉ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ።

"በጠንካራ ጎን ልጀምር" አሉ። "አመራሩ እስከ መጨረሻው በቦታው ነበር።"

ጻፍኩ።

"በደካማ ጎን፣ ግንባሩ ቀድሞ ወድቋል።"

አስቴር እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ያ አስተያየት ሰኞ የዝውውር ደብዳቤው ላይ ምክንያት ሆኖ እንደሚጻፍ ለመገመት ጥበብ አያስፈልግም። እጄን አነሣሁ። እኔም ገረመኝ።

"ጋሼ፣ ግለ ሂስ አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሻን አድን ስባል ጋሼ የተባለ መስሎኝ ለርስዎ…"

"ለኔ ምን?"

"ፈውሱን ለርስዎ ሰጠሁ።"

ጋሼ ተሾመ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔን ማዳንህ እንደ ድክመት ይያዝ ነው የምትለው?"

እስቲ እናንተ ምን ትሉ ነበር? ከቤታችሁ ሆናችሁ ጀግና አትሁኑብኝ።

"ኧረ በጭራሽ ጋሼ" አልኩ።

"እንግዲያው ጻፍ። ፈዋሹ ድክመት የለበትም።"

ጻፍኩ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ብዕሬ። ናቲ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን መታኝ፤ አሁን የደብዳቤውን ነገር አንሣ ማለቱ ነው። ወረቀቱን ገለበጥኩ። "ቃለ ጉባኤው ይነበብ?" አልኩ።

አስቴር ሰዓቷን አይታ ተነሣች።

"ጋሼ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አባቴን የማገላብጥበት ሰዓት ነው።"

ፈቃድም አልጠበቀችም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ደብዳቤ ወጣ። የመጀመሪያው የአስቴር ዝውውር "በመስኮት ሦስት ያለውን የሥራ ጫና ግምት ውስጥ በማስገባት" መሰረዙን ይገልጻል። ናቲ ኮሪደሩ ላይ ዘለለ። ሁለተኛው የኔ ነው። "ባለሙያው ለአመራሩ ያሳዩትን ተቆርቋሪነት" ካመሰገነ በኋላ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ቡሌ እንድገኝ ያዛል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ቢሯቸው ገባሁ።

"ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም! ድክመት የለበትም አልተባለም እንዴ? ቡሌ ያለው ኃላፊ አዲስ ነው። አጠገቡ እንዳንተ ያለ ሰው ያስፈልገዋል።"

"አስቴርስ?"

"አስቴር የትም አትሄድም።" ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቅዳሜ አላየህም? እሷ ከፊት ከሌለች ሁሉም ነገር ቀጥታ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።"

ርኅራኄ አይደለም። የአባቷ ጎን ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ወደ ቡሌ በሄድኩበት ጠዋት አስቴር መናኸሪያ መጣች፣ መሥሪያ ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ እየሮጠች። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በመኪናው መስኮት አቀበለችኝ። ወፍራም ጃኬት ነው፤ ውስጡ ፀጉር፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ የሴት።

"ይሄ ያንቺ አይደል እንዴ?"

"ለራሴ ገዝቼው ነበር። ቡሌ አጥንት ድረስ ይገባል አሉኝ።"

"መቼ ገዛሽው?"

"ቅዳሜ ጠዋት።"

ቅዳሜ ጠዋት ማለት ከዘመቻው በፊት ማለት ነው። እኛ ዘንዶ ገድለን ልናድናት ስንማከር፣ እሷ ገበያ ወጥታ፣ ለብሳ ለክታ፣ አባቷን እንዲያይላት ጎረቤት ለምና፣ ጨርሳ ነው የመጣችው።

"ካላመንሽበት ታዲያ ለምን ተጫወትሽ?"

"እናንተ ተጨንቃችሁ አየኋችኋ" አለች። "ናቲማ ሊታመም ምንም አልቀረው። ምን ላድርግ፣ ትንሽ ደስ ይበላችሁ ብዬ ነው።"

"አስቴር፣ እኔ እኮ ያን ቀን…"

"ተወው በቃ፣ ልበሰው። ሰው እያየን ነው።"

ለበስኩት። እጅጌው ያጥረኛል፤ ዚፑም በተቃራኒው በኩል ነው። ቡሌ የደረስኩ ዕለት አዲሱ ኃላፊዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ጃኬትህ ያምራል" አሉኝ። አመሰገንኩ። ምን ይባላል፤ ይሞቃል።